በማረጥ ዕድሜ በፊት ላይ የሚበቅልን ጸጉር ቆዳን ሳይጎዱ መቆጣጠር

የወር አበባቸው መዛባት የጀመረ ወይም ጨርሶ የቆመ ብዙ ሴቶች በአገጫቸው፣ ከላይኛው ከንፈራቸው በላይና በመንጋጋቸው ጠርዝ ላይ ቀድሞ ያልነበረ፣ ወፈርና ጠንከር ያለ ጸጉር ሲበቅል ያስተውላሉ። ስለ ድንገተኛው ሙቀት፣ ስለ ሌሊት ላቡና ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ለእኅትም ለጎረቤትም በግልጽ የሚያወሩ ሴቶች ስለዚህኛው ግን ለሐኪማቸው እንኳ ትንፍሽ አይሉም። ዝምታው ጉዳት አለው። መካሪ ያጣች ሴት እጇ የገባውን ምላጭ፣ ከገበያ የገዛችውን ስሙ የማይታወቅ ክሬም ወይም ጓደኛ የጠቆመቻትን ሳሎን ትሞክራለች፤ ጥቂት ጸጉር ለማጥፋት ስትልም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ፊቷ ላይ ይቀራል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ከጸጉሩ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይኸው ምልክት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት ዘዴዎች የሚመዘኑት ጸጉሩን በምን ያህል ፍጥነት ያጠፋሉ በሚለው ብቻ ሳይሆን ቆዳው ላይ ምን ትተው ያልፋሉ በሚለውም ጭምር ነው።

ጸጉሩ በዚህ ዕድሜ ለምን ይመጣል?

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር ነው። አብዛኛዎቹ ሴቶች እዚህ ላይ የሚደርሱት ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ውስጥ ሲሆን፣ የሆርሞኑ መዋዠቅ ግን ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ይጀምራል። የሴት አካል በማንኛውም ዕድሜ ኤስትሮጅንን ብቻ ሳይሆን ቴስቶስትሮንንና መሰሎቹን፣ በጥቅሉ አንድሮጅን የሚባሉትን ሆርሞኖች፣ በመጠኑ ያመነጫል። በማረጥ ጊዜ ኤስትሮጅን በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ያሽቆለቁላል፤ አንድሮጅኖቹ ግን የሚቀንሱት ከወጣትነት ጀምሮ ቀስ በቀስ በመሆኑና የእንቁላል እጢዎች (ኦቫሪዎች) እንዲሁም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ከማረጥ በኋላም እነሱን ማመንጨት ስለማያቆሙ፣ ሚዛኑ ወደ አንድሮጅን ያጋድላል። ቴስቶስትሮንን በደም ውስጥ አስሮ የሚይዘው ፕሮቲንም ሲቀንስ፣ ሳይታሰር በነፃነት የሚሠራው ቴስቶስትሮን ድርሻ ከፍ ይላል። የሰውነት ክብደት መጨመርና ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መዳከም ይህንኑ ፕሮቲን የበለጠ ስለሚቀንሱት፣ በዚህ ዕድሜ ወገባቸው የሰፋ ሴቶች ላይ ጸጉሩ በርከት ሊል ይችላል።

አንድሮጅን የፊትን ጸጉርና የራስን ጸጉር በአንድ ዓይነት መንገድ አያስተናግድም። በአገጭ ላይ ያለውን ስስና ቀለም የለሽ ጸጉር አወፍሮ ሲያጠቁረው፣ ማለፊያና ዘለላ የነበረውን የራስ ጸጉር ደግሞ በመሃል አናት ላይ ያሳሳዋል። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ወቅት መታየታቸው ሴቶችን ግራ ቢያጋባም የአንድ ሂደት ሁለት ገጽታዎች ናቸው። በማረጥ ዕድሜ አምስት ስድስት ጠንካራ ጸጉር አገጭ ላይ ማግኘት፣ ጸጉሩም በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ መጨመሩ፣ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ከሴትነትም የሚያጎድለው አንዳች ነገር የለም። እናታቸው ወይም አክስታቸው ተመሳሳይ ነገር የነበረባቸው ሴቶች እነሱም ላይ የመታየቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ያለበት

ማንኛውንም ዘዴ ከመጀመርዎ በፊት ጸጉሩ የመጣበትን ፍጥነት ያስታውሱ። በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት የበዛ፣ ከፊት አልፎ ወደ ደረት፣ ሆድና ጭን የተዛመተ ጸጉር በማረጥ ብቻ አይገለጽም። ከዚሁ ጋር ድምፅ መጎርነን ከጀመረ፣ በግንባር ግራና ቀኝ ራስ መመለጥ ከታየ፣ በዚህ ዕድሜ ብጉር ከወጣ፣ ጡንቻ ከደደረ፣ ቂንጥር ካደገ፣ ወይም ፊት እየከበበ የደም ግፊትና የደም ስኳር አብረው ከጨመሩ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ምልክቶች በኦቫሪ ወይም በአድሬናል እጢ ላይ ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢን (ቱመርን)፣ የኦቫሪ ሕብረ ሕዋስ ከመጠን በላይ አንድሮጅን የሚያመነጭበትን ሁኔታ ወይም ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን መብዛት ሊያመለክቱ ይችላሉ። የሚታዘዙት ምርመራዎች አስፈሪ አይደሉም፤ ቴስቶስትሮንና ዲ.ኤች.ኢ.ኤ. ሰልፌት የሚባሉትን ሆርሞኖች በደም መለካት፣ እንደ አስፈላጊነቱም የሆድ አልትራሳውንድ ማየት ነው። ከማረጥ በኋላ የሚታይ ማንኛውም የማህፀን ደም ጸጉር ኖረም አልኖረም ለብቻው ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት መሆኑንም ከዚሁ ጋር ማንሳት ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚጣራው የሚወሰድ መድኃኒትና የሚቀባ ክሬም ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን፣ ዳናዞልና ቴስቶስትሮን ያለባቸው መድኃኒቶች ጸጉር ያበቅላሉ። ለራስ ጸጉር መሳሳት የሚቀባው ሚኖክሲዲልም ወደ ፊት ሲፈስ፣ በትራስ በኩል ሲነካካ ወይም በቆዳ አልፎ ወደ ደም ሲገባ ግንባርና ጉንጭ ላይ ጸጉር ያወጣል፤ ሲያቆሙት በጥቂት ወራት ውስጥ ይረግፋል። የራስ ጸጉርዋን ለማዳን ሚኖክሲዲል የምትቀባ ሴት እጇን በሚገባ መታጠብና መኝታ ከመድረሱ ብዙ አስቀድማ ቀብታ እንዲደርቅ ማድረግ ይኖርባታል።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ፊት ያቀላል፣ ማድያት ያጠፋል እየተባሉ በየሱቁና በየመንገድ ዳሩ የሚሸጡ ብዙ ክሬሞች ውስጣቸው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ የሰውነት ክፍል የሚሰጡ እንጂ በየቀኑ ፊት የሚቀቡ አይደሉም። ለወራት ሲቀቧቸው ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ጉንጭና አገጭ ላይም ጸጉር ይበቅላል። ያኔ ሴትየዋ ጸጉሩን ለማጥፋት በሳሳው ቆዳ ላይ ዋክስ ታስደርግና ቆዳው ይላጣል። እንዲህ ያለ ክሬም ሲቀቡ ከቆዩ ከጸጉሩ በፊት የሚቀድመው ክሬሙን ማቆም ሲሆን፣ በድንገት ሲተው ፊት ክፉኛ ሊቀላና ሊቆጣ ስለሚችል አቋቋሙን የቆዳ ሐኪም ቢመራው ይሻላል።

ለጥቂት ጸጉር ወረንጦ

ጸጉሩ የሚቆጠር ያህል ጥቂት ከሆነ ወረንጦ በቂ ነው። በማረጥ ዕድሜ የቅርብ ዕይታ ስለሚደክም በመታጠቢያ ቤት አምፖል ሥር ከመንቀል ይልቅ፣ አጉልቶ የሚያሳይ ትንሽ መስታወት ይዞ ጠዋት መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይመረጣል። በመጀመሪያ ፊትዎን በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠቡ፤ ለብታው ቆዳውን ስለሚያላላው ጸጉሩ ሳይበጠስ ይወጣል። የወረንጦውን ጫፍ በአልኮል ይጥረጉ። በአንድ እጅዎ ጣቶች ቆዳውን ወጠር አድርገው ይያዙና ጸጉሩን በተቻለ መጠን ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጨብጠው፣ ባደገበት አቅጣጫ፣ በአንድ ቀጥ ያለ እንቅስቃሴ ይሳቡት። ወደ ላይ ወይም በተቃራኒው የተሳበ ጸጉር ከቆዳ በታች ይበጠስና ቀሪው ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ያድጋል። ከቆዳ በላይ ገና ያልወጣን ጸጉር በወረንጦ ጫፍ ቆፍሮ ለማውጣት መሞከር ደግሞ በዚህ ሥራ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ሁሉ የከፋውን ያስከትላል፤ አገጫቸው ላይ ጠባሳ ይዘው ወደ ቆዳ ክሊኒክ የሚመጡ ሴቶች ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ሲያደርጉ የቆዩ ናቸው።

ከነቀሉ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡበትና ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ስስ ቫዝሊን ይቀቡ። በዚያ ቀን ሽቶ፣ ሎሚ ወይም አልኮል ያለበት ነገር እዚያ ቦታ ላይ አያድርጉ። ጸጉር ወደ ውስጥ አድጎ እብጠት ከፈጠረ ለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ላዩ ላይ መያዝ ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል፤ የጸጉሩ ቀለበት ከላይ ከታየ በንጹሕ መርፌ ጫፉን ብቻ ከፍ ማድረግ እንጂ መንቀል አይገባም።

በክር ማንሳት በባለሙያ እጅ ለከንፈር በላይ ጸጉር መልካም ነው፤ ቆዳውን የሚነካው ክሩ ብቻ ስለሆነ ከዋክስ የቀለለ ጉዳት አለው። ይሁን እንጂ ክሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ መሆኑንና ባለሙያዋ ክሩን በአፏ የምትይዝ እንዳልሆነች ማረጋገጥ የእርስዎ መብት ነው።

መላጨትን በተመለከተ

ፊቷን የተላጨች ሴት ጸጉሯ ወፍሮና በዝቶ ይመለሳል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በመላው ዓለም የተስፋፋ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። አሜሪካዊቷ የአናቶሚ ተመራማሪ ሚልድረድ ትሮተር ገና እ.ኤ.አ. በ1928 መላጨት የጸጉርን ውፍረትም ሆነ የእድገት ፍጥነት እንደማይለውጥ በጥናት አሳይታለች። ምላጭ የሚቆርጠው ከቆዳ በላይ ያለውን የሞተ ክፍል ብቻ ስለሆነ ከሥር ያለው ሕያው ሥር ስለ ምላጩ አያውቅም። ጸጉሩ ሲመለስ የሚሻክረው የተቆረጠው ጫፍ ደፍዳፋ ስለሆነ ነው። ከማረጥ ጋር የመጣ ጸጉር ተላጨም አልተላጨም በራሱ ጊዜ እየወፈረ የሚሄድ መሆኑ ደግሞ ለተሳሳተው እምነት ማስረጃ መስሎ ይታያል።

ለጥቁርና ለጠይም ቆዳ የሚያስፈራው የጸጉሩ መወፈር ሳይሆን ጥምዝ ጸጉር ከቆዳ እኩል ወይም ከዚያ በታች ሲቆረጥ ተመልሶ ወደ ቆዳ መግባቱ ነው። በወንዶች አንገትና አገጭ ላይ ከተላጩ በኋላ የሚወጣው እብጠት መንስኤው ይኸው ነው። ብዙ ስለት የተደረደረበት ምላጭ ጸጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው ይህን ያባብሳል። ስለዚህ በእኔ አመለካከት ጸጉሯ በርከት ላለ ሴት በቤት ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ የሚሻለው ለፊት ተብላ የተሠራች በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የጸጉር መቁረጫ ማሽን ናት። ጸጉሩን ከቆዳ በላይ እጅግ አሳጥራ ስለምትተወው በርቀት አይታይም፣ ወደ ውስጥም አያድግም፤ ቆዳን የመቁረጥ አደጋዋም ትንሽ ነው። በደረቅና ንጹሕ ፊት ላይ በየሁለት ሦስት ቀኑ መጠቀም ይበቃል። ምላጭ የግድ ከሆነ ባለ አንድ ስለት፣ አዲስ፣ ቆዳው በሳሙና አረፋ ወይም በመላጫ ክሬም ከረጠበ በኋላ፣ ጸጉሩ ባደገበት አቅጣጫ ብቻ ይሁን። ምላጭን ከባልም ሆነ ከልጅ ጋር መጋራት ሄፓታይተስ ቢን፣ ሄፓታይተስ ሲንና ኤች አይ ቪን ስለሚያስተላልፍ ፈጽሞ አይደረግም።

ዋክስ፣ ጸጉር አርጋፊ ክሬምና ቀለም ማንሻ

ዋክስም ሆነ በዐረብ አገራት የኖሩ እኅቶቻችን ሐላዋ በሚል ስም የሚያውቁት፣ ከስኳርና ከሎሚ የሚፈላው ማጣበቂያ ጸጉሩን ከሥሩ ስለሚያወጣ ለሳምንታት ያሳርፋል። በማረጥ ዕድሜ ግን ኤስትሮጅን ሲቀንስ የፊት ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃልም፤ በ30 ዓመት የቻለው ዋክስ በ52 ዓመት ሊልጠው ይችላል። ለብጉር ወይም ለመጨማደድ ትሬቲኖይን ወይም አዳፓሊን የምትቀባ ሴት ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድማ ማቆም፣ አይሶትሬቲኖይን ኪኒን የወሰደች ደግሞ ካቆመች በኋላ ለ6 ወራት ያህል መታገስ ይኖርባታል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ የስኳር በሽታቸው ያልተስተካከለና ፊታቸው ላይ ሄርፒስ የሚደጋገምባቸው ሴቶች ዋክስን ቢተውት ይሻላል። ሳሎን ውስጥ ዋክሱ የሚወሰድበት እንጨት አንዴ ቆዳ ከነካ በኋላ ወደ ማሞቂያው ዕቃ ተመልሶ ሲገባ ካዩ ተነሥተው ይሂዱ።

ጸጉር አርጋፊ ክሬም ጸጉሩን በኬሚካል አሟሙቶ ያስወግዳል። ለእግርና ለብብት የተሠራው ለፊት አይሆንም፤ ማሸጊያው ላይ ለፊት መሆኑ መጻፍ አለበት። በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ካላቃጠለና ካልቀላ ፊትዎ ላይ ይሞክሩት፣ ከተጻፈው ደቂቃም አያሳልፉ። ጸጉርን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት ግን ለነጭ ቆዳ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቢጫ ሆኖ ከጥቁሩ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ሌዘር፦ ከመክፈልዎ በፊት

ሌዘር ጸጉርን የሚያጠፋው በጸጉሩ ውስጥ ያለውን ጥቁር ቀለም በብርሃን አሙቆ ሥሩን በማቃጠል ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሽበት የሆነ ጸጉር ቀለም ስለሌለው በሌዘር አይጠፋም። በማረጥ ዕድሜ የፊት ጸጉር መሸበት ስለሚጀምር ሌዘር የምትፈልግ ሴት ጸጉሩ ገና ጥቁር ሳለ ብትጀምር ነው የሚያዋጣት፤ ከግማሽ በላይ የነጣ አገጭ ይዛ ብትሄድ ገንዘቧን ከመብላት በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለሙ በጸጉሩ ብቻ ሳይሆን በቆዳችንም ውስጥ ስላለ ያልተመረጠ መሣሪያ ቆዳውን ያቃጥላል። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ሌዘር ነው፤ ብርሃኑ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ቀለም ብዙ ሳይያዝ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አሌክሳንድራይት የሚባለው 755 ናኖሜትር ሌዘርና አይ.ፒ.ኤል. የሚባለው ብልጭታ ግን ለነጣ ቆዳ የሚስማሙ ናቸው፤ በኢንተርኔት የሚሸጡት የቤት ውስጥ መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ አይ.ፒ.ኤል. ስለሆኑ አምራቾቻቸው ራሳቸው ለጥቁር ቆዳ እንዳይውሉ ያስጠነቅቃሉ።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በተለይም ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ነጮች በሆኑባቸው ክሊኒኮች፣ ከመክፈልዎ በፊት የመሣሪያውን ዓይነት፣ ባለሙያው በጥቁር ቆዳ ላይ ያለውን ልምድና በአንድ ትንሽ ቦታ ላይ አስቀድሞ ሙከራ ይደረግ እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱ ለሁሉም ቆዳ ይሆናል የሚል ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት ይሠራል፤ ሆርሞኑ ስለማይለወጥ ከዚያ በኋላም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መደገም ሊያስፈልገው ይችላል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ መንቀልና ዋክስ ማድረግ ይቆማል፤ ሌዘሩ የሚያገኘው ሥር መኖር አለበትና። መላጨት ግን ይቻላል። በጥቂት ሴቶች፣ በተለይም ቆዳቸው ጠይም በሆነና የሆርሞን ምክንያት ባላቸው፣ ሌዘር የተሠራበት አካባቢ ጸጉር ጭራሽ የሚበዛበት ሁኔታ አለ፤ ይህ ከታየ ሥራው ቆሞ እንደገና መታየት ይኖርበታል።

ለሸበተው ጸጉር የሚሠራው ኤሌክትሮሊሲስ ነው። እጅግ ቀጭን መርፌ በእያንዳንዱ የጸጉር ሥር ይገባና በኤሌክትሪክ ኃይል ሥሩ ይጠፋል። ዘዴውን የሴንት ሉዊሱ የዓይን ሐኪም ቻርልስ ሚሸል እ.ኤ.አ. በ1875 ወደ ዓይን የሚያድግ ሽፋሽፍትን ለማስወገድ መጠቀሙን ጽፏል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ጸጉርን ለዘለቄታው ያስወግዳል ብሎ የሚቀበለው እሱን ሲሆን፣ ሌዘርን ግን ለዘለቄታው ይቀንሳል ነው የሚለው። አንድ በአንድ ስለሚሠራ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ኬሎይድ የሚባለው ከፍ ያለ ጠባሳ በጆሮ መበሳት ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ የወጣባት ሴት ይህን ለባለሙያው አስቀድማ ካልተናገረች አገጯ ላይ ሊደገምባት ይችላል።

በሐኪም የሚታዘዙ

ኤፍሎርኒቲን የሚባለው ክሬም ለጸጉር እድገት የሚያስፈልግ ኢንዛይምን ስለሚያግድ ጸጉሩን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያረግፈውም። መድኃኒቱ መጀመሪያ በቆላ ዝንብ ለሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ በመርፌ የሚሰጥ ነበር፤ ለፊት ጸጉር በክሬም መልክ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በ8 ሰዓት ልዩነት ይቀባል፤ ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። ሲያቆሙት ጸጉሩ በ8 ሳምንት ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ነጭ ጸጉርንም ስለሚያቀዘቅዝ፣ ከሌዘር ጋር አብሮ ሲሰጥም ውጤቱን ስለሚያፋጥን፣ በሚገኝበት አገር ለዚህ ዕድሜ ተስማሚ ነው።

ከኪኒኖቹ ውስጥ ተዘውትሮ የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታወቀው ለልብ ድካምና ለሰውነት እብጠት ሲሆን፣ አንድሮጅን የጸጉሩን ሥር እንዳይነካ በማገድ ለዚህም ይረዳል፤ የሚሰጠው መጠን በአብዛኛው በቀን ከ50 እስከ 200 ሚሊግራም ነው። የጸጉር እድገት ዙር ረጅም ስለሆነ ከ6 ወር በፊት አልሠራም ተብሎ አይተውም። በማረጥ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሴቶች ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ይወስዳሉ፤ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ለልብ አደገኛ እስከመሆን ሊጨምር ስለሚችል፣ ከጎረቤት ተውሶ ወይም ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥ ሕይወት ያስከፍላል። ሐኪሙ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ሳያደርግ አይጀምርም፤ ከጀመረም በኋላ ይደግመዋል። የሆርሞን ሕክምና ደግሞ ለድንገተኛ ሙቀትና ለእንቅልፍ ማጣት ሲሰጥ የፊት ጸጉርንም በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ለጸጉር ብቻ ሲባል ግን አይጀመርም፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለነበረባትም አይሆንም።

ናና ሻይ በብዙ ቦታ ይመከራል። በቱርክና በእንግሊዝ የተደረጉ ሁለት ትናንሽ ጥናቶች በቀን ሁለት ስኒ መጠጣት በወጣት ሴቶች ነፃ ቴስቶስትሮንን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ሐኪሞች ጸጉሩን ሲለኩት ግን የታየ ለውጥ አልነበረም። ሻይነቱ ጉዳት የለውም፤ ሌላውን ሕክምና ግን አይተካም። እርድ፣ እንቁላልና ስኳር ቀላቅሎ ፊት መቀባት ጸጉሩን አያስቀረውም፤ ደርቆ ሲላጥ ስሱን ጸጉር ከመንቀል በቀር፤ ቆዳ ስስ ለሆነች ሴት ደግሞ ቁጣ ያስነሣል። ከቤት ውስጥ ጥረቶች ሁሉ ክብደትን መቀነስና በየቀኑ ፈጠን ብሎ መራመድ የተሻለ መሠረት አላቸው፤ ኢንሱሊኑን አስተካክለው ቴስቶስትሮንን የሚያስረውን ፕሮቲን ከፍ ያደርጉታልና።

ጥቁር ምልክቱ ቀድሞ ከወጣ

ምልክቱ እስኪለቅ ድረስ መንቀልና ዋክስ ማድረግ ይቁም፤ በዚያ ጊዜ ማሽኗን ብቻ ይጠቀሙ። እንደ አዲስ አበባ ያሉ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚገኙ ደጋማ ከተሞች አየሩ ቢቀዘቅዝም የፀሐዩ ጨረር ጠንካራ ስለሆነ፣ ደመና ባለበት ቀን እንኳ የመከላከያ መጠኑ (ኤስ.ፒ.ኤፍ.) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም (ሰንስክሪን) ጠዋት መቀባትና ከቤት ውጭ ሲቆዩ መድገም ያስፈልጋል። አዜላይክ አሲድ ያለበት ክሬም ምልክቱን ቀስ በቀስ ያደበዝዛል፤ ሃይድሮኪኖን ግን በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት ብቻ የሚሰጥ ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ወራት ይፈጃል፤ የችኮላ ማጽጃ ክሬሞች ደግሞ ከላይ ወደተነገረው የስቴሮይድ ችግር ይመልሳሉ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የጸጉሩን መጀመሪያ ጊዜ፣ የመጨረሻውን የወር አበባ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉና የሚቀቡትን ክሬም ከነማሸጊያው ይዘው ይቅረቡ። ጸጉሩ ብዛቱ እንዲታይ ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ቀናት አይንቀሉት፤ ከባድ ሆኖ ከተሰማዎት ፎቶ አንሥተው ያሳዩ። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አካባቢ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናቸው የታወቁ ናቸው፤ የሆርሞን ጥርጣሬ ካለ የማህፀን ሐኪም ወይም የሆርሞን ስፔሻሊስት ይቀጥላል።

እናታቸውን ወይም አያታቸውን የሚያስታምሙ ሴቶችም ይህን ጉዳይ ሊያስቡበት ይገባል። አንዲት አዛውንት ዓይኗ ሲደክም ወይም እጇ ሲንቀጠቀጥ ለዓመታት በድብቅ ስትነቅለው የኖረችው ጸጉር ያድግና፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር በነጠላዋ አገጯን ትሸፍናለች፤ ለልጇም ለመናገር ታፍራለች። ሌላ ሰው በሌለበት ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ «እማዬ፣ አገጭዎን ላስተካክልልዎ?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ለእርሷ ብቻ የተመደበች ትንሽ መቁረጫ ማሽን ይያዙ፤ ወረንጦና ምላጭ በስስ የአረጋዊ ቆዳ ላይ አይጠቀሙ። ፊቷን በለብታ ውኃ አጥበው ካደረቁ በኋላ ራሷን በትራስ ደግፈው፣ ከአገጭ በታች ያለውን የላላ ቆዳ በቀስታ ወጠር አድርገው ይያዙና ማሽኗን ሳይጫኑ ያንሸራትቱ፤ ሲጨርሱ የረገፈውን ጸጉር በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ስስ ቫዝሊን ይቀቡላት፣ የማሽኗንም ጫፍ በአልኮል ጠርገው ያስቀምጡ።